ያለ ላቦራቶሪ የሚሰጥ የአፍንጫ ትምህርት

የአርትስ ተማሪዎች ሆነን ስለ አፍንጫ ስንጽፍ «ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህንኑ ጥያቄ አስቀድመው ጠይቀውናል፤ መጠየቅ ብቻም ሳይሆን ስቀውብናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እኛ ስድስት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢያችን ብዙም ወደማይርቅ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድን ልጆችን ንባብ እናስጠና ነበር። አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ሲዘጋጁ ደረስንባቸው። «የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው፤ ዓይን ለማየት፣ ጆሮ ለመስማት፣ አፍንጫ ለማሽተት» እያሉ እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ከመካከላችን አንዱ «መልካም፤ ሽታ ራሱ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ደፈር ብሎ «ጋሼ፣ እሱ ደብተራችን ላይ የለም» አለ።

እኛም ሳቅን። ማታ ግን በመኝታ ክፍላችን ነገሩን ስናነሣው መልሱ በእኛም ደብተር ላይ እንዳልነበረ ታወቀን። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ሽታ ምን እንደሆነ፣ ከብርቱካኑ ተነሥቶ በምን መንገድ አፍንጫችን እንደሚደርስ አጥርተን መናገር አልቻልንም። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስን፤ ከሳይንስ ተማሪዎቹም አንዱን (ከሳቁብን ውስጥ ነው) ለምነን አማካሪ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ በአራት ቅዳሜዎች ከልጆቹ ጋራ የሠራነውን ለአንባቢ ልናካፍል እንወዳለን። አብዛኞቻችን ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ታናናሾቻችንን ሰብስበን ልንሞክረው የምንችለው ነገር ነውና። ደግሞም በመካከሉ ያላሰብነው ነገር ስለገጠመን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ከጉልትና ከሱቅ የሚገኝ ነው፤ ብርቱካን፣ ጤና አዳም፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የገላ ሳሙና፣ ትንሽ እጣን፣ ጥቂት ከረሜላ፣ አሥራ ስድስት ባዶ የክብሪት ቀፎ። ወጪውን ለስድስት ስንካፈለው ለእያንዳንዳችን ከአንድ ምሳ ዋጋ አልበለጠም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕግ ማውጣት ግድ ሆነብን። ከቤታችሁ የሚሸት ነገር አምጡ ብንላቸው አንዱ ልጅ ቤንዚን፣ ሌላው ማስቲሽ እንደሚያመጣ ነገረን። ማስቲሽ በከተማችን ጎዳና ላይ ስንቱን ልጅ እንዳደነዘዘ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ማስቲሽ፣ ቤንዚን፣ ላምባ፣ በረኪናና የተባይ መድኃኒት ፈጽሞ አይሸተቱም አልን፤ ትነታቸው ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባ ነውና። የማያውቁትንም ነገር አፍንጫ ሥር ደቅኖ መሳብ አይገባም፤ ዕቃውን ራቅ አድርጎ ይዞ ሽታውን በእጅ ወደ ራስ ማራገብ ነው። አስም ያለበት ልጅ መኖሩንም አስቀድመን ጠየቅን፤ አንድ ነበር፤ እሱን ከጭስ አራቅነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በጣም ቀላል ነው። ልጁ የተላጠ ብርቱካን አፍንጫው ሥር ይይዝና ትንፋሹን ይገታል። ብርቱካኑ እዚያው አለ፤ አፍንጫውም ክፍት ነው፤ ነገር ግን አይሸተውም። የሚሸተው አየር ሲስብ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥተው ልጆቹ ሽታ ማለት ከብርቱካኑ ወጥቶ በአየር ተሳፍሮ የሚመጣ አንድ ነገር መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። አንዲት ልጅ «ታዲያ ብርቱካኑ ያልቃል?» ብላ ጠየቀች። የሚገባ ጥያቄ ነው። በልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት በዓይን የማይታዩ ሞለኪውሎች ሆኖ ይተናል፤ የደረቀ ልጣጭ ሽታው የሚደክመው ስለዚህ ነው። ብርጭቆ የማይሸተው ደግሞ ተንኖ የሚወጣ ነገር ስለሌለው ነው።

ጤና አዳም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳያል። ቅጠሉን ሳይነኩ ቢያሸቱት ሽታው ለዘብ ያለ ነው፤ በጣት አሸት ሲያደርጉት ግን አካባቢውን ያውደዋል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፤ እነዚያ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ስናሻቸው ይፈነዳሉ። (ጤና አዳም የነካ እጅ ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ሊቆስል ስለሚችል ልጆቹ ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።) እንደዚሁም ሦስት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ በሁለት ስኒ አድርገን በአንዱ ቀዝቃዛ፣ በሌላው ሙቅ ውሃ ብንጨምርበት የሙቁ ቀድሞና በርትቶ ይሸታል፤ ሙቀት ትነትን ስለሚያፋጥን ነው። ትኩስ ወጥ ከቀዘቀዘ ወጥ ይልቅ ለምን እንደሚያስጎመጅ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለውን ሙከራ ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ ወደዱት። ክፍሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ከእኛ አንዱ ከፊት ቆሞ ብርቱካን ይልጣል፤ ሽታው የደረሰው ልጅ እጁን ያነሣል። መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻም የኋላው እጅ ይነሣል። መስኮት ተከፍቶ ሲደገም ተራው ይዘበራረቃል፤ ምክንያቱንም ልጆቹ ሳንነግራቸው ተናገሩ።

በዚህ ላይ አንድ ማታለያ ጨመርንበት። በ1899 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ስሎሰን የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ንጹሕ ውሃ ጥጥ ላይ አፍስሶ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር እንደሆነ ለተማሪዎቹ ነገራቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ከተሰብሳቢው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ሸተተኝ ብሎ እጁን አነሣ። እኛም «ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሽቶ ነው» ብለን የቧንቧ ውሃ ጥጥ ላይ አንጠባጠብን። ከአርባ ሁለት ልጆች ሠላሳ የሚያህሉት እጃቸውን አነሡ። ከኋላ ቆሞ ይመለከት የነበረ አንድ የእኛ ጓደኛም አብሮ አነሣ፤ ስሙን አንጠቅስም። ውሃ መሆኑን ስንነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በብርቱካኑም በውሃውም ጊዜ እጃቸውን ቀድመው ካነሡት መካከል አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያን ዕለት ልብ አላልናትም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የክብሪት ቀፎዎቹን አመጣን። ስምንት ዓይነት ሽታ፣ እያንዳንዱ በሁለት ቀፎ ገብቶ፣ ክዳኑ በመርፌ ይበሳል፤ ልጁ ዓይኑን በሻሽ ታስሮ እያሸተተ መንትያዎቹን ያገናኛል። ሊሞክረው ለሚፈልግ አንድ ምክር አለን፤ ቀፎዎቹን አስቀድሞ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማዋል ያስፈልጋል። እኛ ይህን የተማርነው የመጀመሪያዎቹ ልጆች ስምንቱንም «ክብሪት! ክብሪት!» ካሉን በኋላ ነው።

ማዛመዱ ለብዙዎቹ አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ስም መስጠቱ ነው። የኮረሪማውን ቀፎ አሽትቶ «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ እናቴ ወጥ ውስጥ…» ብሎ የሚቀር ልጅ ብዙ ነበር። ይህ በእኛ በትልልቆቹም የሚደርስ ነው፤ ሽታው ልባችን ውስጥ አለ፣ ስሙ ግን ከምላሳችን አይወጣም። እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪነታችን ተነሥቶብን ከልጆቹ ጋራ የአማርኛ የሽታ ቃላት መልቀም ጀመርን። ግማት፣ ክርፋት፣ ጥንባት፣ ቅርናት እያልን ሰሌዳውን ለክፉው ሽታ በፍጥነት ሞላነው። ለመልካሙ መዓዛ ብለን ቆምን፤ አንዲት ልጅ «ማወድ» ብላ ጨመረች። ጠረንና ሽታ ለሁለቱም ወገን ሆኑ። የቀረው ሁሉ «የቡና ሽታ»፣ «የሎሚ ሽታ» እየተባለ በባለቤቱ የሚጠራ ነው። ቀለምን «ቀይ» እንላለን እንጂ «የደም መልክ» አንልም፤ ለሽታ ግን እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ስም ብዙ የለንም። ነገሩ የሰው አፍንጫ ድክመት እንዳይመስለን የሚያደርግ ምርምር አለ። በማሌዥያና በታይላንድ ድንበር ደን ውስጥ የሚኖሩ ጃሃይ የሚባሉ አዳኞች ለሽታ ብቻ የሚያገለግሉ አያሌ ቃላት አሏቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አሲፋ ማጂድና ኒክላስ ቡረንሁልት ባወጡት ጥናት ጃሃዮች ሽታን እንደ ቀለም አቅልለው ሲጠሩ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ተንተባትበዋል። ቋንቋው ካለ አፍንጫውም አይሰንፍም ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ እናስባለን።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ተራዋ ደርሶ ዓይኗ ሲታሰር ቡናውን ከሳሙና፣ ቅርንፉዱን ከብርቱካን፣ እጣኑን ከኮረሪማ ጋራ አጋባች። ሽንኩርቱን ግን ሳትጠራጠር ከነመንትያው አገኘችው። ሰባቱን ስታ ስምንተኛውን ማግኘቷ የቀልድ መሰለን። ከመካከላችን አንዱ «ሌላው ልጅ ተራ እየጠበቀ ለምን ትቀልጃለሽ?» ብሎ ተቆጣት። ቀፎዎቹን አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። እኛም ሥራችንን ቀጠልን። ያን ቁጣ አሁን ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከረሜላ ታደለ፤ የብርቱካን፣ የሙዝና የእንጆሪ ጣዕም ያለው፣ ወረቀቱ ሳይታይ። ልጁ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ ከረሜላውን ይጎርሳል፤ የምንድን ነው ሲባል «ጣፋጭ ነው» ከማለት በቀር አያውቀውም። ከዚያ አፍንጫውን ይለቃል። በዚህ ጊዜ የሚሆነውን መናገር ይከብዳል፤ አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ «ሙዝ!»፣ «ብርቱካን!» ብሎ ጮኸ፤ ርእሰ መምህሩ ምን ሆኑ ብለው ብቅ አሉ። ምላስ ብቻውን የሚለየው ጣፋጭን፣ ጨዋማን፣ ኮምጣጣን፣ መራራንና የሥጋ መረቅ ያለውን ዓይነት ጣዕም ነው። ሌላው «ጣዕም» የምንለው ሁሉ ከአፋችን በስተኋላ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ ሁሉ ጭድ ጭድ የሚለው ለዚህ ነው።

ክፍሉ ሲጮህ ልጅቱ አልጮኸችም። አፍንጫዋን ለቅቃ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ «ምንም አልተለወጠም» አለች፤ ይህን ያለችው ለራሷ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለፈው ሳምንት ቀፎ ትዝ ያለን።

ለብቻዋ ጠርተን እንዳትፈራ አድርገን ጠየቅናት። «እኔ ዝም ብዬ ነው እጄን የማነሣው» አለች። «ሰው ሸተተኝ ሲል እኔም እላለሁ። ሌሎቹ ቶሎ የሚያውቁት ጎበዝ ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር።» አየር ወደ ውስጥ መሳቡ ራሱ ማሽተት እንደሆነ ስታስብ ኖራለች። ማየት የማይችል ልጅ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ መስማት የማይችልም እንዲሁ፤ ማሽተት የማይችል ልጅ ግን የሌሎቹን አፍ እያየ ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል። ታዲያ ሽንኩርቱን እንዴት አወቀችው? «ያቃጥላል እኮ» አለችን።

መልሱን ያገኘነው ከአማካሪያችን ጋራ መጽሐፍ ካገላበጥን በኋላ ነው። አፍንጫችን ሁለት ዓይነት መልእክተኛ አለው። አንደኛው በአፍንጫ ጣሪያ ላይ፣ በግራም በቀኝም ጥቂት ካሬ ሴንቲሜትር በሚሆን ቦታ ላይ የተነጠፈው የማሽተት ሕዋስ ነው። ከእነዚህ ሕዋሶች የሚነሡት ቀጫጭን ነርቮች ወንፊት በመሰለ አጥንት ቀዳዳዎች አልፈው ወደ አንጎል ይገባሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተባሉ አሜሪካውያን ሽታን የሚቀበሉትን ፕሮቲኖች የሚሠሩ ጂኖች አገኙ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሰው አፍንጫ ውስጥ አራት መቶ ያህል ዓይነት ተቀባዮች አሉ። አንዱ ሽታ አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን በአንድነት ይነካል፤ አንጎልም የተነኩትን አንድ ላይ አንብቦ «ቡና» ይላል። ለልጆቹ በፊደል አስረዳናቸው፤ ፊደላችን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ በዚያ የሚጻፈው ቃል ግን አያልቅም።

ሁለተኛው መልእክተኛ የፊት የስሜት ነርቭ ነው። ይህ ሽታን ሳይሆን መለብለብን፣ መቆጥቆጥን፣ መቀዝቀዝን የሚናገር ነው። ሚጥሚጣ ሲወቀጥ የሚያስነጥሰን፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የሚያስለቅሰን፣ ሰናፍጭ አፍንጫችንን ሲሰነፍጠን በዚህ መንገድ ነው። የልጅቱ የመጀመሪያው መንገድ ተዘግቶ ሁለተኛው ክፍት ነበር። አልቀለደችም፤ ከክፍሉ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ የሰጠችው እሷ ነበረች። በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት፤ የሽንኩርቱንም ነገር ለልጆቹ እሷው አስረዳች።

ከዚህ በኋላ በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ቤቷ ሄድን። እናቷ ደጃፋቸው ላይ ቡና አፍልተው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው መጀመሪያ አላመኑንም። «ቡና የምትቆላልኝ እሷ አይደለችም እንዴ? ከእኔ አሳምራ ነው የምትቆላው» አሉ። ልጅቱን ጠየቅናት፤ በመልኩና ሲንጣጣ በሚያሰማው ድምፅ እንደምታውቀው ነገረችን። ወጥ ግን ታሳርራለች፤ ድስቱ ተከድኖ ስለሚበስል አታየውም። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ እኮ ልቧ ስለሚባክን ነው ብዬ ስንት ጊዜ ገርፌያታለሁ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ከገባ ወዲህ ብዙ ሰው ለጊዜው ማሽተት እንዳቃተው ስለሚያስታውሱ ከዚያ የመጣ ይሆን ብለው ጠየቁን፤ እሷ ግን ራሷን ካወቀች ጀምሮ እንዲሁ ናት። ከልደት ሊሆን ይችላል፣ ከአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ሊሆን ይችላል፣ ከአደጋም ሊመጣ ይችላል፤ ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ስለሆነ የአንገት በላይ ሐኪም እንዲያዩዋት መከርናቸው። ቀጠሮ ይዘውላታል።

ልንነሣ ስንል ስለ ከሰሉ ተነሣ። ማታ ሲበርድ ምድጃውን ወደ ክፍላቸው ያስገቡታል፤ ልጅቱ እያጠናች ትሞቀዋለች። ማሽተት የማትችል ልጅ ከከሰል ጋራ ብቻዋን እንዳትሆን ብለን ስንናገር እናትየው «ጭሱ ካለቀለት በኋላ ነው የማስገባው። እሷ ባይሸታትም ሽታ ካለው እኔ ይሸተኛል» አሉን። እኛም «እንግዲያስ ደኅና ነው፣ እትዬ» ብለን ተሰናብተን ወጣን። የአርትስ ተማሪ ማለት ይህ ነው!

ማታውን ለአማካሪያችን ስንተርክለት የኬሚስትሪው ልጅ መጽሐፉን ዘጋና «ምን ብላችሁ መጣችሁ?» አለን። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ሽታም የለውም። የእናትየውም አፍንጫ፣ የእኛም፣ የውሻም ቢሆን አይጠብቅም። ጭሱ አልቆ ፍም የሆነ ከሰል፣ «አሁንስ ንጹሕ ነው» የሚባለው፣ ይኸው ጋዝ ይወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ይህም አይሰማውም። ሲነጋ ከስድስታችን ሁለቱ ክፍል ትተው ወደ እናትየው ተመለሱ። ያልነውን ስናፈርስ እንዳይታዘቡን ፈርተን ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ሰጥተው ከመጀመሪያው አስነገሩን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምድጃው ከደጅ አይገባም፤ ብርዱንም በጋቢ እንችለዋለን ብለዋል።

አራተኛውን ቅዳሜ ለዚህ ሰጠነው። መጀመሪያ የክፍሉ እኩሌታ ቅርንፉድ ከተፈላበት ማሰሮ ጋራ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ፤ እኩሌታው ሜዳ ላይ ቆየ። ከውጭ የገቡት አፍንጫቸውን ሲይዙ ከውስጥ የነበሩት «ሽታው ጠፍቷል እኮ» አሉ። አልጠፋም፤ የማሽተት ሕዋስ ያልተለወጠውን ነገር ደጋግሞ መናገር ትቶ አዲስ የሚመጣውን ይጠብቃል። በክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ ለሚከማች ነገር አፍንጫ ሽታ ቢኖረው እንኳ ክፉ ዘበኛ ነው።

ቀጥሎ በሲሊንደር ስለሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ጠየቅናቸው። ሽታውን ሁሉም ያውቁታል፤ ሽታው ግን የጋዙ አይደለም። ጋዙ ከሞላ ጎደል የማይሸት ስለሆነ ሰው እንዲያውቀው ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ድኝ ያለበት ነገር ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ መጋቢት 18 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ከአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት የማይሸት የተፈጥሮ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳና ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎች፣ የሚበዙት ተማሪዎች፣ አለቁ። ጋዝ ላይ የሚሸት ነገር እንዲጨመር የቴክሳስ ሕግ ያስገደደው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጸጥ አሉ። «ለከሰልስ ለምን አይጨመርለትም?» ያለው ያው «ደብተራችን ላይ የለም» ያለን ልጅ ነው። ከሰል ጋዙን የሚያወጣው ሲነድ ስለሆነ አስቀድሞ የሚጨመርበት የለም፤ በርና መስኮት መክፈት፣ ይልቁንም ምድጃውን ደጅ ማዋል ነው። ያን ቀን የቤት ሥራ ያልነው እያንዳንዱ ልጅ ማታ ቤቱ ከሰሉ የት እንደሚያድር አይቶ እንዲመጣ ነበር። ከአርባ ሁለቱ አሥራ ስምንቱ «አልጋችን አጠገብ» ብለው መጡ። የአሥራ ስምንቱን ወላጆች ርእሰ መምህሩ አስጠርተው ልጆቹ ራሳቸው አስረዷቸው።

ክረምት ሲገባ ለመሥራት ያሰብነው አንድ ሌላ አለ፤ ደረቅ አፈር በሳሕን አድርጎ ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግና የመጀመሪያውን ዝናብ ሽታ ክፍል ውስጥ ማምጣት። ያን ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱን የሚሠሩት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ክፍለ አገር ያላችሁ ጓደኞቻችን ግን ይህን በሳሕን መሥራት አያሻችሁም።

ለሚመጣው ቅዳሜ የያዝነው የመስተዋት ሙከራ ነው። ቀዝቃዛ የኪስ መስተዋት ከአፍንጫ ሥር አግድመው ይዘው በአፍንጫ ቀስ ብለው ሲተነፍሱ ሁለት የእንፋሎት ክብ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ይሰፋል። የሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጠኛ ሥጋ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ በተራ ስለሚያብጥና ስለሚቀንስ ነው። ጠዋት የግራው ቢሰፋ ከሰዓት በኋላ የቀኙ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ በየሰዓቱ በእርሳስ መዝግበው ይመጣሉ። ልጅቱ የእሷም አፍንጫ እንደዚሁ ያደርግ እንደሆነ ጠየቀችን። ያደርጋል፤ ለመተንፈስ የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው አልናት። መስተዋት የሌላቸው ልጆች ስላሉ የእናቷን ጨምራ ሁለት ይዛ እንደምትመጣ ነግራናለች።